ኩበርኔቲስ ስለተጫነ ብቻ አይጠበቅም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ክላውድ የምታወጧቸውን ጽሑፎች እከታተላለሁ። ስለ ፍጥነቱ ብዙ ተብሏል፤ ስለ ደኅንነቱ ግን ብዙም ሲባል አላይም፣ እኔን የሚያሳስበኝም ይሄ ነው። ጉግል ኩበርኔቲስን፣ ማለትም ኮንቴይነር በሚባሉ ጥቅሎች የታሸጉ ፕሮግራሞችን በብዙ ሰርቨሮች ላይ የሚያስተዳድረውን ሶፍትዌር፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ ካደረገው ወዲህ ስንቱ ተጠቅሞበታል፣ ግን አሁንም "ከተጫነ በቃ" የሚል ሰው አለ። አይበቃም።

የይለፍ ቃልና የመሳሰለው የሚቀመጥበትን፣ ሲክሬት የሚባለውን እንውሰድ። ስሙ ምስጢር ይሁን እንጂ ማመስጠሪያውን ራሳችሁ ካላበራችሁት ኢቲሲዲ በሚባለው የኩበርኔቲስ መረጃ ማከማቻ ውስጥ የሚቀመጠው ሳይመሰጠር ነው። ሲክሬቱ በሚጻፍበት ያምል ፋይል ላይ የምታዩት የተዘበራረቀ ፊደል ቤዝ64 የሚባል የአጻጻፍ ለውጥ ነው እንጂ ምስጠራ አይደለም፤ ማንም በአንድ ትእዛዝ መልሶ ያነበዋል። የዳታቤዝ የይለፍ ቃል እንዲህ ሆኖ ኮድ በሚቀመጥበት ጊት ላይ ተቀምጦ አግኝቼ ክው ብያለሁ። ያስቀመጠው ልጅ "ተመስጥሯል" ብሎ ከልቡ አምኖ ነበር።

ኔትወርኩም ያው ነው። ከመነሻው እያንዳንዱ ፖድ (አንድ ወይም ከዚያ በላይ ኮንቴይነር የሚይዘው አሃድ) ከሌላው ጋር ያለ ከልካይ ያወራል፤ ስለዚህ አንድ ተራ ዌብሳይት ከተሰበረ ሰርጎ ገቡ እዚያው ሆኖ ዳታቤዙን ያንኳኳል፣ ማን ከማን ጋር እንደሚያወራ የሚወስን ኔትወርክ ፖሊሲ ካልተጻፈና እሱን የሚያስፈጽም ፕለጊን ከሌለ ደግሞ የሚያስቆመው የለም። ኮንቴይነሩ በሩት፣ ማለትም በሙሉ ሥልጣን፣ የሚሠራ ከሆነማ ጭራሽ ነው።

ሥራ እንዲቀል ተብሎ ለሁሉም ክላስተር አድሚን፣ ማለትም ሁሉን የማድረግ ፈቃድ፣ መስጠትም ይቅር፣ እባካችሁ። የኩበርኔቲስን ትእዛዞች የሚቀበለውን ኤፒአይ ሰርቨር ለማይነካ አፕሊኬሽን የሰርቨሩ መግቢያ ቶክን ፖዱ ውስጥ ምን ይሠራል? ማጥፋቱ የአንድ መስመር ሥራ ነው።

ባለሙያዎች አነጋግራችሁ በሰፊው ብትጽፉበት ደስ ይለኛል።

አንባቢያችሁ