እጅዎን መደገፊያው ላይ ያድርጉት

ይድረስ ለውድ አባቴ፣ ባሕር ዳር
ከጅማ

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። እዚህ ዝናቡ አላባራም፤ አዌቱ ወንዝ ቡና መስሎ እየወረደ ነው።

በሰላም መግባቴን በስልክ ነግሬዎታለሁ። አንድ ያልነገርኩዎት ነገር ግን አለ። ጊቤ ወንዝ ድልድይ ላይ ሹፌሩን ለምኜ ወረድኩ።

ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ ተሳፋሪው ግማሹን መንገድ ይተኛል። እኔ ወልቂጤን ካለፍን በኋላ ዓይኔን አልከድንም። ቁልቁለቱ ሲጀምር ሙቀቱ በመስኮት ይገባል፣ ጆሮ ይደፈናል፣ ከዚያ ወንዙ ከታች ብልጭ ይላል። ያኔ በጭነት መኪናዎ በኤንትሬው ጋቢና ውስጥ በእርስዎና በረዳቱ መሃል የተቀመጥኩ ይመስለኛል። ቡና ጭነን ከጅማ ስንወጣ፣ አበልቲን አልፈን ገደሉ ሲመጣ ወሬ ያቆሙ ነበር። ማርሽ ቀንሰው ቀስ ብለው ነው የሚወርዱት። "ቁልቁለት በማርሽ ነው የሚወረደው፣ ፍሬኑን ለክፉ ቀን አስቀምጠው" ይሉኝ ነበር።

ታች ስንደርስ መኪናውን ጥግ ያስይዛሉ። ረዳቱ ጎማውን እየመታ ሲዞር፣ እርስዎ እኔን በእጄ ይዘው ድልድዩ ላይ ያወጡኛል። አንድ ቀን መዳፌን መደገፊያው ላይ አስቀመጡት። የጫነ ተሳቢ ሲያልፍ ብረቱ እጄ ውስጥ ተርገበገበ። ደንግጬ እጄን ሳነሳ ሳቁና፣ "አይዞህ፣ ቢያንቀጠቅጠው ነው እንጂ አይጥለውም" አሉኝ። ከዚያ ጎንበስ ብለው መንገዱን አቋርጦ የሚያልፈውን ክፍተት አሳዩኝ። ጣት የምታህል ናት። ፀሐይ ሲመታው ድልድዩ ይረዝማል፣ ሌሊት ሲበርድ ይሰበሰባል፤ መላወሻ ካልተተወለት ራሱን ይሰነጥቃል አሉኝ። ይህን ማን እንዳስተማረዎት ጠይቄዎት አላውቅም።

አሁንም እንደዚያው አደረግኩ። እጄን አስቀምጬ ጠበቅኩ። ውሃው ጠቆር ብሎ፣ ወደ ኦሞ እየተጓዘ ነበር። ሲኖትራክ መጣ። ያው ነው አባባ! ያው መርገብገብ።

ወደ እናንተ በአውሮፕላን ስለመጣሁ የዓባይ በረሃን አላየሁትም፤ ቆጭቶኛል። እህቴ ዘንድ ስናመጣዎት በረሃው ውስጥ ባለው ህዳሴ ድልድይ ላይ መስታወቱን ዝቅ አድርገው በአንገትዎ ወጥተው ያዩት ትዝ ይለኛል። ጃፓኖች የረዱንና በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀው ነው። 303 ሜትር ነው፤ መሃሉ ላይ 145 ሜትሩን ያለምንም ምሰሶ ይሻገራል። ገመዶቹን እያዩ "ይሄ እኮ ተሰቅሎ ነው የቆመው" ብለው ነበር።

የባሕር ዳሩን አዲሱን ድልድይ ግን ብቻዬን አየሁት። ጉልበቴ አይችልም ስላሉኝ ዝም አልኩ። መለመን ነበረብኝ። ግንቦት 2016 የተመረቀው ይህ ድልድይ 380 ሜትር ይረዝማል፣ 43 ሜትር ይሰፋል። ግን ቁጥሩ አይደለም ያስደነቀኝ። ሲመሻሽ መሃሉ ላይ ቆምኩ። በአንድ በኩል ጣና ተኝቷል። በሌላው በኩል ወንዙ ገና መንገድ መጀመሩ ነው፤ በረሃውን ያን ያህል የቦረቦረው ውሃ እዚህ ጋ ድምፅ እንኳ የለውም። የድሮው ድልድይ ከጎን አለ፣ ጠባብ ነው። ያን ሁሉ ዘመን ያን ሁሉ ጭነት መሸከሙን ሳስብ፣ እውነቴን ነው፣ እርስዎን አሰብኩ።

አሁን አንድ ነገር ልለምንዎት። ወደዚያ ለሚመጣ ሰው የጅማ በርጩማ ልኬያለሁ፤ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ፣ ባለ ሦስት እግር፣ ሲይዙት የማይከብድ። እህቴ ልጇን ከእርስዎ ጋር ትላከው። ፀሐይ ሲበርድ በባጃጅ እስከ አዲሱ ድልድይ ጫፍ ይሂዱ። የእግረኛው መንገድ ሰፊ ነው፤ ሲደክምዎት በርጩማው ላይ አረፍ እያሉ መሃል ይድረሱ። ከባድ መኪና እስኪመጣ ይጠብቁና እጅዎን መደገፊያው ላይ ያድርጉት።

ከዚያ እዚያው ሆነው ይደውሉልኝ።

ልጅዎ