ፎቶው ውስጥ ያለችው ሌላዋ ልጅ

ውድ ልጄ፣

እንደምን ከረምሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ደሴ ብርዱ በርትቷል። ጦሳም እስከ ረፋድ ድረስ ጉሙን አይገልጥም። እናትሽ በሶ አስፈጭታልሻለች፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በዶልፊኑ ሾፌር እጅ ይደርስሻል።

እሑድ ማታ ስትደውዪ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ በደንብ አላወራንም። ድምፅሽ ግን ከፍቶት ነበር። ለሰባተኛ ክፍል ስለ ጥቁሮች የእኩልነት ትግል ልታስተምሪ ገብተሽ፣ አንዱ ልጅ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ይሄ እኛን ምን አገባን?» አለሽ። ክፍሉ ሳቀ። አንቺም የምትመልሺው ጠፋሽ። እኔ «አብሽሪ» ብዬሽ ስልኩ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ ግን ሳስበው ነው የሰነበትኩት።

ልጁን እንዳትቆጪው። ደህና ጥያቄ ነው የጠየቀሽ። ደግሞስ የምታስተምሪው ውጫሌ አይደል? በ1881 ዓ.ም. ከኢጣሊያ ጋር ውል የተፈረመው እዚያው አካባቢ ነው። አሥራ ሰባተኛውን አንቀጽ አንብቢላቸው። የአማርኛው ቅጂ ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለመጻጻፍ ብትፈልግ በኢጣሊያ በኩል ማድረግ ይቻላታል ይላል። የኢጣሊያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። በዚህ አንድ ቃል ሰበብ የመጣው ጠብ ነው አድዋ ያደረሰን። ራስ ሚካኤልም የወሎን ፈረሰኛ ይዘው ዘምተዋል። ይህን ስትነግሪያቸው ያ ልጅ ቀና ብሎ ይቀመጣል።

ግን አድዋ ላይ ብዙ አትቆዪ። እኔ በሥራ ዘመኔ ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ እያቆምኩ ተሳስቻለሁ። ልጆቹ ደረታቸውን ነፍተው ይወጣሉ፤ ትምህርቱ ግን ልባቸው አይገባም። ሰው በአያቱ ጀግንነት ሲኮራ ራሱን መመርመር ይረሳል።

ከአድዋ ቀጥዬ የማነሳው ማንዴላን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 ማንዴላ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ አዲስ አበባ ለመምጣት ሲሳፈሩ አብራሪው ጥቁር መሆኑን አዩ። ደነገጡ። ጥቁር ሰው እንዴት አውሮፕላን ያበራል ብለው። ወዲያው ግን ራሳቸውን ታዘቡ። ይህን የጻፉት ራሳቸው ናቸው። ልጆቹ መጀመሪያ ይስቃሉ፤ «ፓይለቱ የኛ ሰው ነው!» ይላሉ። ያኔ ጠይቂያቸው፦ ዕድሜውን ሙሉ ለጥቁር ሰው መብት የታገለ ሰው ራሱ እንዲህ ካሰበ፣ ዘረኝነት የት የት ነው የሚገባው? ዝም ይላሉ። ዝምታው ደስ ይላል። ቶሎ ብለሽ መልሱን አትንገሪያቸው።

በአሜሪካ ሞንትጎመሪ ከተማ አውቶቡስ ውስጥ ወንበሯን ለነጭ አልለቅም ያለችውን ሮዛ ፓርክስን፣ ደክሟት ከወንበሯ አልነሳም ያለች አሮጊት አድርገሽ አታቅርቢያት። የ42 ዓመት ሴት ነበረች። በከተማዋ የመብት ማኅበር ውስጥ ጸሐፊ ሆና ለዓመታት ሠርታለች። ከእሷ ዘጠኝ ወር ቀድሞ ደግሞ ክላውዴት ኮልቪን የምትባል የ15 ዓመት ተማሪ እዚያው ሞንትጎመሪ ውስጥ አልነሳም ብላ ታስራለች። የኛ ልጆች በዕድሜ ለእሷ ይቀርባሉ። ከዚያ የመጣው አውቶቡስ ያለመሳፈር አድማ 381 ቀን ፈጀ። ያን ሁሉ ጊዜ ሰው በእግሩ ሄደ፣ መኪና ያለውም የሌለውን ጫነ። ይህን ማስረዳት አይከብድሽም። ክፍልሽ ውስጥ በየቀኑ አንድ ሰዓት በእግሩ የሚመጣ ልጅ አይጠፋም፤ እሱ እንዲያብራራው አድርጊ።

የደቡብ አፍሪካዋን ሶዌቶን ሰኔ 9 ሲደርስ ታነሻታለሽ። የአፍሪካ ሕፃናት ቀን እያልን የምናከብረው እ.ኤ.አ. በ1976 በዚያች ዕለት ሰልፍ ወጥተው ለተገደሉት ተማሪዎች መታሰቢያ ነው። ብዙ ተማሪ ቀኑን እንጂ ምክንያቱን አያውቅም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ከደብዳቤው ጋር አንድ ፎቶ ኮፒ አድርጌ ልኬልሻለሁ። የተነሳው እ.ኤ.አ. መስከረም 4 ቀን 1957 ሊትል ሮክ በምትባል የአሜሪካ ከተማ ነው። ጥቁርና ነጭን በትምህርት ቤት መለየት ሕገ ወጥ ነው ተብሎ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ከተወሰነ ሦስት ዓመት አልፎታል። ዘጠኝ ጥቁር ተማሪዎች የነጮች ወደነበረው ትምህርት ቤት ሊገቡ ነው። አንድ ላይ ተሰባስበው እንዲሄዱ ማታውን በስልክ ተነጋገሩ። የኤልሳቤጥ ኤክፎርድ ቤተሰብ ግን ስልክ አልነበረውም። ማንም አልነገራትም። ጠዋት፣ ራሷ የሰፋችውን አዲስ ቀሚስ ለብሳ ብቻዋን ሄደች። 15 ዓመቷ ነው። ወታደሮቹ በሩ ላይ ከለከሏት። ተመልሳ ስትሄድ ሕዝቡ እየተሳደበ ከኋላ ከኋላዋ ይከተላታል።

ልጆቹ ሁሉ ኤልሳቤጥን ነው የሚያዩት። መነጽር አድርጋ፣ ደብተሯን ደረቷ ላይ ይዛ። አንቺ ግን ከኋላዋ አፏን ከፍታ የምትጮኸውን ነጭ ልጅ አሳዪያቸው። ሃዘል ብራያን ትባላለች። እሷም 15 ዓመቷ ነው። ከዚያ ጠይቂያቸው፦ እናንተ ትምህርት ቤት ውስጥ ይህቺኛዋ የትኛዋ ናት?

ለምን እንደምልሽ ልንገርሽ። እናትሽ እንኳ የማታውቀው ነገር ነው።

እኔ ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ የሸክላ ሠሪ ልጅ አብራን ትማር ነበር። እኛ በአንድ ዴስክ አራት አራት ሆነን ተጨናንቀን ስንቀመጥ፣ እሷ ከኋላ ሙሉ ዴስክ ለብቻዋ ነበራት። መምህሩም አይቶ ያልፍ ነበር። አንድ ቀን ሳወራ ያዘኝና ሂድ ከእሷ ጋር ተቀመጥ አለኝ። እኔ ቆሜ «ቡዳ ናት፣ ትበላኛለች» አልኩ። ክፍሉ ሳቀ። እሷ ደብተሯን ሰብስባ ወጣች። በነጋታውም አልመጣችም። ከዚያ በኋላም አልመጣችም።

ወላሂ፣ ልጄ፣ ያቺ ዴስክ አሁንም ትታየኛለች።

ስለዚህ ያ ልጅ «እኛን ምን አገባን» ሲልሽ መልሱ እዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጧል። ቢላልን የማያውቅ የሙስሊም ልጅ የለም። ባሪያ ተደርጎ የነበረ ሐበሻ፣ የመጀመሪያው ሙአዚን። ይኸው ቢላልን የሚወድ ልጅ ግን በእረፍት ሰዓት ጠቆር ያለውን ጓደኛውን «ባሪያ» ይለዋል። ክርስቲያኑም ይለዋል። ቃሉን ከአሜሪካ አላመጣነውም። በአገራችን ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ የአያትሽ ዕድሜ ማለት ነው። ይህንም ንገሪያቸው፤ አትሸፋፍኚው። ወሎ ሰው ወዳድ ነው፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብሮ ይበላል እያልን ያደግነው እውነት ነው፤ እኔም እኮራበታለሁ። ሸክላ ሠሪዋን፣ ፋቂውን፣ ቀጥቃጩን ከዚያ ማዕድ ማራቃችንም እውነት ነው። ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡ ልጆች ክፍልሽ ውስጥ ካሉ ደግሞ ስማቸው «ተፈናቃይ» ሆኖ እንዳይቀር ተከታተዪ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ልጆቹን ፊት ለፊት ተሳድበሃል፣ ተሰድበሃል እያልሽ ስም እየጠራሽ አታናግሪ። የተሰደበው ሁለተኛ ይሰደባል። ወረቀት ስጫቸው፤ ስማቸውን ሳይጽፉ ያዩትን ይጻፉ። አንብበሽ አስቀምጪው። ከዚያ አቀማመጣቸውን በየሳምንቱ ቀያይሪ፤ ለሁሉም እኩል፣ ምክንያቱን ሳትናገሪ። ሌላው ሁሉ ቢቀር ብቻውን የሚቀመጥ ልጅ አይኑር።

ሃዘል ብራያን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኤልሳቤጥ ጋ ደውላ ይቅርታ ጠይቃለች።

ቤት ያለውን አፉ የተሸረፈ ጀበና ታውቂዋለሽ። እናትሽ ልጣለው ስትል ሁሌ የምከለክላት። ከሰኞ ገበያ ነው የገዛሁት፤ ከዚያች ከሸክላ ሠሪው ልጅ። ቀና ብላ አየችኝና «አንተ የነዚያ ሰፈር ልጅ አይደለህም?» አለችኝ። አዎ አልኩ። ዋጋውን ሳልከራከር ከፍዬ ሄድኩ። ሌላ ቃል ከአፌ አልወጣም። ይኸው ዓመታት አለፉ።

አሁንም እዚያው ጥጓን ይዛ እንደምትሸጥ ሰምቻለሁ። ለእረፍት ስትመጪ ሰኞ እንዲሆንልሽ አድርጊ። አብረሽኝ እንድትሄጂ እፈልጋለሁ።

አባትሽ
ደሴ