19 ደቂቃ ተጫወትኩ፤ እግዜር ይስጥልኝ

ውድ የድሬ ልጆች፣ ወገኖቼ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ፈጣሪ ይመስገን። እሁድ ዕለት በ71ኛው ደቂቃ ተቀይሬ ገባሁ። 19 ደቂቃ ተጫወትኩ። አንድ ኳስ በግንባሬ ገጨሁ፣ ሁለት ጊዜ ተቀማሁ፣ አንዴ በቀኝ እግሬ ዞሬ አሻማሁ። በዚያው በተጎዳው እግር። የእኔን ነገር የምታውቁ ሁሉ ያቺ መዞር ለእኔ ምን እንደሆነች ታውቃላችሁ።

ስለ ጉዳቱ ብዙ አልልም። ግማሾቻችሁ ሜዳ ነበራችሁ፣ የቀራችሁት በስልክ አይታችሁታል። ኤሲኤል የሚባለው የጉልበቴ ጅማት ተበጠሰ፣ አዲስ አበባ ሄጄ ኦፕሬሽን ሆንኩ፣ 14 ወር ፈጀ። በቃ። ይህን የምጽፈው ከዚያ በኋላ ስለመጣው ነገር ነው። ጉልበቴ እየዳነ እኔ እየታመምኩ በነበረ ጊዜ አጠገቤ ስለነበሩ ሰዎች ነው።

ለኦፕሬሽኑ ያዋጣችሁ የሳቢያን፣ የከዚራ፣ የመጋላና የገንደ ቆሬ ሰዎች፣ ከጅቡቲና ከአረብ አገር የላካችሁልኝ፣ የቡድን ጓደኞቼ በሙሉ፣ ብድራችሁን ፈጣሪ ይክፈላችሁ።

አሁን ሲስተር።

ስሜን እንዳትጽፊ ብለሽኛል። እሺ። ግን ሲስተር ካልኩ ሰፈሩ በሙሉ ያውቅሻል። ድሬ ላይ አንቱታ አናበዛም፤ አንቺ እያልኩሽ ነው ያደግኩት፣ አንቺ እያልኩ ላመስግንሽ።

ለማታውቋት፣ ሲስተር የአእምሮ ጤና ነርስ ናት። ከእኛ ቤት ሦስተኛው ግቢ ነው የምትኖረው። እናቴ «ልጄ አትበላም፣ አትተኛም፣ መጋረጃም አታስከፍትም» ብላ ስትነግራት ከሥራ መልስ ቀጥታ መጣች። ከተጎዳሁ ሦስተኛው ወር ላይ ነበር።

ያኔ የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ በር ላይ ሆኖ መጀመሪያ ጉልበቴን ነበር የሚያየው። «እብጠቱ ቀነሰ? ታጠፈ? መቼ ትመለሻለሽ?» አንቺ ግን ከበረንዳው ነጩን የፕላስቲክ ወንበር ራስሽ ይዘሽ ገባሽና በግራ በኩል አስቀመጥሽው። ከዚያ ቦታ ጉልበቴ አይታይም። ከዚያ «ሌሊት ስንት ሰዓት ላይ ነው የምትነቂው?» አልሽኝ። ማንም ይህን ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። ዘጠኝ ሰዓት አልኩሽ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ በየቀኑ።

ከዚያ ደብተርሽን አውጥተሽ ድባቴን የሚለኩትን ዘጠኝ ጥያቄዎች ጠየቅሽኝ። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ስለነበረው ነገር ናቸው፤ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ፣ ስለ ድካም፣ ራስን እንደ ውዳቂ ስለመቁጠር። ለያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ቁጥር ትጽፊ ነበር። ዘጠነኛው ላይ ስትደርሺ እርሳሱን አስቀመጥሽው። ብትሞቺ ይሻልሽ እንደነበር አስበሽ ታውቂያለሽ ወይ አልሽኝ።

እናቴ ጓዳ ውስጥ ቡና ትወቅጥ ነበር። ሙቀጫው ዝም አለ።

አዎ አልኩሽ።

አልጮህሽም። አላማተብሽም። «እንደሱ አይባልም» አላልሽኝም። «ደግ አደረግሽ፣ ነገርሽኝ» አልሽና እጄን ያዝሽ። በማግስቱ ጠዋት ካርድ አውጥተሽ፣ ወረፋ ይዘሽ፣ ሐኪሙ ጋ አብረሽኝ ገባሽ። መድኃኒት ተጀመረልኝ። በየሳምንቱም ማውራት ጀመርን። ቆይቼ «እንደዚያ ስትጠይቂኝ ሐሳቡን የምታመጪብኝ አልመሰለሽም?» ብዬሽ ነበር። «ጥያቄ ሐሳብ አያመጣም፤ ተቀብሮ ያለውን ነው የሚያወጣው» ነበር መልስሽ።

ይቅርታ፣ እዚህ ላይ ተነስቼ ውሃ ጠጥቼ መጣሁ።

እናቴ ጸበል ልትወስደኝ ስትል ትጣያለሽ ብዬ ፈርቼ ነበር። አንቺ «ጸበሉንም ሂጂ፣ መድኃኒቱንም አታቋርጪ፣ አይጣሉም» አልሽኝ። እናቴ ከዚያ ቀን በኋላ ነው ያመነችሽ።

ከዚያ ደግሞ ስታዲየሙ። ለወራት በዚያ በኩል እንኳ አላልፍም ነበር። አንቺ ጥቂት በጥቂት አደረግሽው። አንደኛው ሳምንት በባጃጅ ማለፍ ብቻ። ሁለተኛው በር ላይ መቆም። ሦስተኛው ገብቶ አሥር ደቂቃ መቀመጥ። ፍርሃቴን ከ0 እስከ 10 ቁጥር ሰጥቼ እጽፍ ነበር። መጀመሪያ 9 ነበር። ሳልሸሽ ስቀመጥ ግን ደቂቃ በደቂቃ እየወረደ ሄደ። አሁን ደብተሩን ሳየው 9፣ 9፣ 7፣ 8፣ 6 ይላል። ያ 8 የዘነበበት ቀን ነው፤ የተጎዳሁ ዕለትም ዘንቦ ነበር።

በር ላይ ያሉትን ጥበቃ አባታችንን እዚህ ላይ ላመስግን። አንድም ቀን ለምን መጣሽ አላሉኝም። አጠገቤ ተቀምጠው በ1968 ዓ.ም. በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ሞሮኮን፣ ናይጄሪያን፣ ዛየርንና ሱዳንን በልጅነታቸው እዚሁ ሜዳ ላይ እንዳዩ ይነግሩኛል። ዋንጫውን ሞሮኮ ወሰደች። በእሳቸው አነጋገር ግን ሞሮኮን ያሳደገቻት ድሬ ናት። ሰው መሆኔን ረስቼ በነበረበት ሰዓት እንደ ኳስ ሰው ያወሩኝ ነበር።

ሲስተር፣ አንድ ቀን «ኳሱን ትተሽ ማን ነሽ? ጻፊልኝ» ብለሽ ባዶ ገጽ ሰጠሽኝ። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ በደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ኳስ ስራገጥ ያደግኩ ልጅ ነኝ፤ ሌላ ምን ልጽፍ? ግማሽ ሰዓት ቆይቼ «የእናቴ ልጅ» ብቻ ጻፍኩ። አየሽውና «ለዛሬ ይበቃል» አልሽ። አሁን ያ ገጽ ሞልቷል።

ይህን ሥራ ለምን እንደመረጥሽም ነግረሽኛል። በ1998 ሐምሌ መጨረሻ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ያን ሁሉ ሰው ሲወስድ የተረፉትን ስትረጂ፣ ብርድ ልብስና እህል እየታደላቸው ማንም ግን የማያናግራቸውን ሰዎች አይተሽ ነው። እኔም በሌላ መንገድ እንደነሱ ነበርኩ። ሁሉ ነገር ተሟልቶልኝ የሚያናግረኝ አልነበረም።

ለፊዚዮቴራፒስቴ። ወንድሜ፣ ጉልበቴን ብቻ ለክተህ ብትሸኘኝ ማን ይወቅስህ ነበር? አንተ ግን ከኦፕሬሽን በኋላ ዘጠኝ ወር ሳይሞላ ሜዳ አልለቅሽም አልክ፤ ቶሎ የተመለሰ ቶሎ እንደገና ይበጠስበታል ብለህ። ዘጠኝ ወር ሲሞላ ደግሞ «እግርሽ ደርሷል፣ አንቺ አልደረስሽም» አልከኝና ከጉዳት በኋላ ለመመለስ ልብ ምን ያህል እንደተዘጋጀ የሚለኩትን አሥራ ሁለት ጥያቄዎች በአማርኛ ጽፈህ አመጣህልኝ። ጉልበትሽ እንደገና ይጎዳል ብለሽ ትፈሪያለሽ? ሳታስቢበት መጫወት ትችያለሽ? ከ100 መጀመሪያ 31 አገኘሁ። ባለፈው ወር 78። ከሲስተር ጋር እየተደዋወላችሁ እንደሠራችሁ ዘግይቼ ነው የሰማሁት።

የዓለም የተጫዋቾች ማኅበር፣ ፊፍፕሮ፣ በ2015 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ጥናት ያሳየኸኝም አንተ ነህ። ከተጠየቁት 607 ተጫዋቾች 38 በመቶው የድባቴ ወይም የጭንቀት ምልክት ነበረባቸው። ከባድ ጉዳት የደጋገመባቸው ደግሞ ይብሳሉ። ያን ቀን ማታ ለመጀመሪያ ጊዜ እስኪነጋ ተኛሁ። እብድ አይደለሁማ!

ታናሽ ወንድሜ አርሰናል ነው። በየማታው የቀድሞውን የአርሰናል ተጫዋች የሳንቲ ካዞርላን ታሪክ ይነግረኝ ነበር። ቁስሉ አመርቅዞ፣ ከልጅህ ጋር ግቢ ውስጥ መራመድ ከቻልክ ይበቃሃል የተባለው፣ የልጁ ስም የተነቀሰበት የክንዱ ቆዳ ተቆርጦ ቁርጭምጭሚቱ ላይ የተለጠፈለት፣ በ2018 እ.ኤ.አ. ለቪያሪያል የተመለሰው፣ በ2019 እ.ኤ.አ. ለስፔን የተጠራው። አርባ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ አቦ። አርባውንም ጊዜ እፈልገው ነበር።

አንድ ነገር ግን መናገር አለብኝ፤ ማንንም ለማሳጣት አይደለም። ያኔ በነበርኩበት ቡድን አንድ ኃላፊ ልጆች ፊት «ጉልበትሽ ድኗል፣ ያልዳነው ጭንቅላትሽ ነው፣ አትሞላቀቂ» ብሎኛል። ስሙን አላነሳም፣ ይቅር ብዬዋለሁ። ግን ልክ አልነበረም። በ2019 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ ራሱ የአእምሮ ጤናና የአካል ጤና አይነጣጠሉም ብሎ ጽፏል። ክለቦቻችን ወጌሻ አላቸው፣ ሐኪም አላቸው። እንደ ሲስተር ያለ ሰው በሳምንት አንድ ቀን ቢመጣ ምን ይጎድላቸዋል? አሁን ቤታቸው ተኝተው መጋረጃ የዘጉ ልጆች አሉ። ሁለቱን አውቃቸዋለሁ።

ሐጃ ጎረቤታችን፣ ለሹርባውና ለዱዓው። የሰፈር እናቶች፣ ለጸሎቱ። አላህም እግዚአብሔርም ይስጣችሁ።

እማዬ፣ ላንቺ ቃል የለኝም። ታኬታዬን ለጎረቤት ልጅ ስጪልኝ ብዬሽ ነበር። እሺ አልሽኝ። ለካ በፌስታል ጠቅልለሽ ሲስተር ጋ አስቀምጠሽዋል። እሁድ ጠዋት ሲስተር ይዛው መጣች። የዚያን ዕለቱ ጭቃ እንኳ ከሥሩ አልተነሳም። «እንደተውሽው ነው» አለችኝ። ሁለታችሁም በር ላይ ቆማችሁ ስታዩኝ ማልቀሴን አልደብቅም። ጭቃውን በቢላዋ ፈቅፍቄ አወጣሁና አደረግኩት።

ስማችሁን ያላነሳኋችሁ እንዳትቀየሙኝ። ብዙ ናችሁ፣ እኔም እየጻፍኩ እያለቀስኩ ነው። በተለይ ስሙን ያልጠየቅኩት የባጃጅ ሹፌር። መጀመሪያ በስታዲየሙ በኩል ያለፍን ቀን ሳለቅስ በመስተዋቱ አይተህ ፍጥነት ቀነስክ። ምንም ሳትጠይቀኝ ዙሪያውን ሁለት ጊዜ ዞርክልኝ፣ ክራንቼን አውርደህ አቀበልከኝ፣ ሒሳብም እምቢ አልክ። ቤታችንን ታውቀዋለህ፣ ሰማያዊው በር ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ቡና አለ። ና።