የቀጠሮ ስኳር፦ ለድሬዳዋ አስተዳደር ጤና ቢሮ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

ከሁሉ በፊት ልናዘዝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ለሐኪሞቼ ስዋሽ ኖሬያለሁ።

ዕድሜዬ 28 ነው። የምኖረው ሳቢያን ነው፤ ከዚራ አንድ ቢሮ ውስጥ ሂሳብ እሠራለሁ። ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ እንዳለብኝ ያወቅሁት በ25 ዓመቴ ነው። በየሁለት ወሩ ቀጠሮ አለኝ። ቀጠሮው ሁለት ቀን ሲቀረው ሌላ ሰው እሆናለሁ። ለስላሳ የለም፣ ሩዝ የለም፣ ጫት የለም። ማታ ጎመን ቢጤ ቀምሼ በጊዜ እተኛለሁ። ጠዋት በባዶ ሆዴ ሄጄ ጣቴን እሰጣለሁ። 118። «ጎበዝ፣ በዚሁ ቀጥል» እባላለሁ። ኪኒኔን ተቀብዬ እወጣለሁ። ከግቢው ሳልርቅ ትኩስ ባጊያ እገዛለሁ፣ ቀዝቃዛ ለስላሳ አስከትልበታለሁ።

ወረፋ ላይ የተዋወቅን ልጆች ለዚህ ነገር ስም አውጥተንለታል። «የቀጠሮ ስኳር» እንለዋለን። ሁላችንም አለን።

ባለፈው ዓመት አንድ የግል ላብራቶሪ ገብቼ የሦስት ወሩን ምርመራ፣ ኤች ቢ ኤ ዋን ሲ የሚባለውን፣ በገንዘቤ አሠራሁ። እሱ በሁለት ቀን ጨዋነት አይሸወድም። ባለፉት ሁለትና ሦስት ወራት ቀይ የደም ሴል ላይ የተጣበቀውን ስኳር ነው የሚቆጥረው። ለብዙዎቻችን ግቡ ከ7 በመቶ በታች ነው። የእኔ 9.8 ወጣ። ካርዴ ላይ ግን «በጥሩ ቁጥጥር ላይ ያለ» የሚል ተጽፏል። የሂሳብ ሰው ነኝ፤ ሁለት መዝገብ መያዝ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ።

ለምን ዋሸህ ትሉኝ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። የመጀመሪያ ቀን እውነቱን ተናግሬ ነበር። አንድ ጤና ተቋም ውስጥ፣ በሩ ክፍት ሆኖ፣ ከኋላዬ ሰው ተሰልፎ፣ «ትቅማለህ?» ተባልኩ። «አዎ» አልኩ። «ታዲያ እኔ ምን ላድርግህ?» የሚል መልስ መጣ። ባለሙያው ክፉ ሰው አልነበረም። ደክሞት ነበር፤ ላቡ ይወርዳል፤ ገና ብዙ ሰው ይጠብቀዋል። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አልቅምም። ካርዴ ላይ ማለቴ ነው።

በሽታው ራሱ ዘግይቶ ነው የተገኘብኝ። ጥፋቱ የድሬ ሙቀት ነው ብል አትሳቁብኝ። ምልክቱ የውሃ ጥምና ቶሎ ቶሎ ሽንት ነው ይባላል። አቦ፣ በግንቦትና በሰኔ እዚህ ከተማ ውስጥ ያልጠማው ማን ነው? ሙቀቱ 35 ዲግሪን ሲያልፍ ሁሉም ሰው የውሃ ጠርሙስ ይዞ ነው የሚዞረው። ደከመኝ ስል «ሙቀቱ ነው» አሉኝ። ከሳሁ፤ እሱም ሙቀቱ ሆነ። ጥሜን የማስታግሰው ደግሞ በለስላሳ ነበር። አንድ 300 ሚሊ ሊትር የኮላ ጠርሙስ ውስጥ 30 ግራም ያህል ስኳር አለ፤ በሻይ ማንኪያ ሰባት ግድም ነው። በቀን ሦስት እጠጣ ነበር። ስኳሩ ያስጠማኛል፣ እኔ ስኳር እጠጣለሁ።

አሁን ስለ ጫት በግልጽ እናውራ። እንደማውቀው በምክር ክፍሎቻችን ውስጥ በግልጽ አይወራበትም፤ ወይ ይኮነናል ወይ ይታለፋል።

ከምሳ በኋላ ፀሐይዋ አናት ስትበሳ ከተማችን ምን እንደምታደርግ ታውቃላችሁ። የአወዳይ ጫት ገብቷል። በር ገርበብ ይላል፣ ፍራሽ ይነጠፋል። ሥራ የሚጠቆመው፣ የተጣላ የሚታረቀው፣ የታመመ ሰው ወሬ የሚሰማው እዚያ ነው። «ጫት ተው» ሲሉኝ ቅጠሉን ብቻ አይደለም ተው የሚሉኝ። ከሰዓቴን ተው፣ ጓደኞችህን ተው ነው የሚሉኝ። በ25 ዓመቱ አንድ ሰው ኪኒን ይዞ ቤቱ ብቻውን ሲቀመጥ ምን ያስባል? እኔ ያሰብኩትን እዚህ አልጽፈውም።

ጉዳቱ ግን ከቅጠሉ ብቻ አይመጣም። ጫት ይመራል፤ ስለዚህ በጣፋጭ ይወራረዳል። ለስላሳው፣ ስኳር የበዛበት ሻይ፣ እንደገና ለስላሳው። ከዚያ የምግብ ፍላጎት ይዘጋና እራት ይዘለላል። የማታው ኪኒን ወይ ይረሳል ወይ በባዶ ሆድ ይዋጣል። ሜትፎርሚን ብቻውን ከሆነ ስኳር የመጣል ዕድሉ ትንሽ ነው። እንደ ግሊቤንክላማይድ ያሉት ግን ያለ ምግብ ሲዋጡ ስኳሩን ከ70 በታች ሊያወርዱት ይችላሉ። ስኳር ሲወርድ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ልብ ይደልቃል፣ ላብ ያጠምቃል። ምርቃናም ልብ ያስደልቃል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል። ላቡን ደግሞ ድሬ በነፃ ትሰጣለች። በምን ይለያል? አንድ ሌሊት መርቅኜ ነው ብዬ ጋደም አልኩ። ታናሽ ወንድሜ ሁኔታዬ አላማረውም፤ በመለኪያዬ ጣቴን ወጋኝ። 54። ስኳር በውሃ በጥብጦ አጠጣኝ። ይህን ለሐኪሜ አልነገርኩትም። እንዴት ብዬ? አልቅምማ!

ነገሩ የተለወጠው በአጋጣሚ ነው። ለሌላ ጉዳይ የሄድኩበት ቦታ አንዲት ነርስ በሩን ዘጋች፣ ወንበር ሳበች፣ «ከሰዓት በኋላህ እንዴት ነው የሚያልፈው?» አለችኝ። ትቅማለህ ወይ አላለችም። ሁሉንም ዘረገፍኩላት። ብታቆመው ከሁሉም ይሻላል፣ እሱን ቀስ ብለን እንሄድበታለን አለች። «ዛሬ ግን ለስላሳውን በውሃ ቀይርልኝ። ምሳህን ሳትበላ አትቀመጥ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ተነሥ፣ እራትህን ብላ፣ ኪኒንህን ከእራቱ ጋር ዋጥ።» ይኸው ነው። አሥር ደቂቃ እንኳ አልፈጀባትም። ከአራት ወር በኋላ የሦስት ወሩ ምርመራ 8.1 አሳየ። ገና ነኝ። ቢሆንም በሦስት ዓመት ውስጥ እውነት ሆኖ የወረደ ቁጥር ያ ብቻ ነው።

ስለ ሐፍረቱም ልንገራችሁ። ሰዉ ስኳርን የሽማግሌ በሽታ ነው የሚለው፤ ወጣት ሲይዘው «ምን አድርጎ ነው?» ይባላል። እናቴ የሰው ዓይን ነው ብላ ደምድማለች። አክስቶቼ በየድግሱ ሳህኔን ይጠብቃሉ። ጣፋጩ ሙሸበክ ሲዞር ሰው ሁሉ እኔን ያያል። በፍቅር እንደሚያደርጉት አውቃለሁ፤ ግን ጉሮሮዬ ላይ ዘበኛ የቆመ ይመስለኛል። አብራኝ ቀጠሮ የምትወጣ አንዲት ልጅ ኪኒኖቿን የምታስቀምጠው በቫይታሚን ዕቃ ውስጥ ነው። ኒካዋ እስኪታሰር ማንም እንዳያውቅባት። ቤት ውስጥ ሰው ካለ አትውጥም። እሷም ካርዷ ላይ «መድኃኒቷን በአግባቡ የምትወስድ» ናት።

ስኳር ያለበት ሰው በድባቴ የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው ሁለት እጥፍ ያህል እንደሆነ በሕክምናው ዓለም ከታወቀ ቆይቷል። በወጣትነት የሚጀምረው ሁለተኛው ዓይነት ደግሞ ዓይንንና ኩላሊትን ቶሎ እንደሚያጠቃም ይታወቃል። ሁለቱ ሲገናኙ ምን እንደሚፈጠር እኔ አይቼዋለሁ፦ ሰውዬው መለካት ያቆማል። ስትሪፕ፣ ማለትም የስኳር መለኪያው ወረቀት፣ ስለተወደደ ብቻ አይደለም። ቁጥሩ ፍርድ ስለሚመስለው ነው።

እንግዲህ ወደ ጥያቄዬ ልምጣ።

በጀት ውስን እንደሆነ አውቃለሁ፤ የሦስት ወሩ ምርመራም በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ዕቃ ይፈልጋል። ቢሆንም ክትትል ላይ ላሉ ወጣቶች በዓመት ሁለቴ እንኳ ይሠራልን። የጠዋት ስኳር ብቻውን የሚያወራው ስለ ትናንት ማታ ነው፤ እኛ ደግሞ ትናንት ማታን ማሳመር ተክነናል። በወጣትነቱ እግሩን ወይም ኩላሊቱን ላጣ ሰው የሚወጣው ገንዘብ ከዚህ ጋር አይወዳደርም።

ሁለተኛው ገንዘብ አይጠይቅም፤ በር መዝጋት ነው። በሩ ተዘግቶ ስለ ጫት፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ለስላሳ ያለ ቁጣ መጠየቅ። ድባቴን ለመለየት ደግሞ ሁለት ጥያቄዎች ለመነሻ ይበቃሉ፦ ባለፉት ሁለት ሳምንታት የምትወደውን ነገር ለማድረግ ፍላጎት አጥተሃል? ተስፋ የመቁረጥ ስሜት ይዞሃል? ደም ግፊት እስኪለካ ይጠየቃሉ። በሦስት ዓመት አንድም ቀን አልተጠየቅኩም።

ከተቻለ በወር አንድ ቀን፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ ለወጣቶች ብቻ የሚሆን ክትትል ይኑር። ቀጠሮ በወጣሁ ቁጥር አለቃዬ የት እንደምሄድ ይጠይቀኛል፤ እስካሁን ጥርሴን ነው የታከምኩት። በዚያ ቀን የእኛን ኑሮ የሚያውቅ ምክር ይሰጠን። «በሳምንት 150 ደቂቃ ተራመድ» የሚለውን ሁላችንም ሰምተናል። በስንት ሰዓት? ቀትር ላይ አስፋልቱ ይፈላል። እኔ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በከዚራ ዛፎች ሥር እሄዳለሁ፤ ይህንንም ራሴ ነኝ የደረስኩበት። በሸበጥ መሄዱን ያቆምኩትም እግሬን ጠጠር ቆርጦኝ ሳይሰማኝ ቀርቶ ደም ሳይ ነው። እዚህ ከተማ ሰዉ ሁሉ ሸበጥ ነው የሚያደርገው። ስኳር ያለበት ልጅ ለምን እንደማይሆነው ቀድሞ የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል።

ረመዳንም አለ። መጾም የሚፈልግ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቀደም ብሎ ሐኪሙን እንዲያማክር ይመከራል። እኛ ሰፈር ብዙዎች የሚያማክሩት ግን ከወደቁ በኋላ ነው። ቀጠሮው ቀድሞ ቢያዝ፣ ከመስጊድ ኢማሞችም ጋር አብራችሁ ብትሠሩ ይህ ይቀንሳል። ዓቢይ ጾም ላይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆዩትም እንዳይረሱ።

ቀጣዩ ቀጠሮዬ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል። አሥረኛው ቀን ላይ ምን እንደምበላ ገና አልወሰንኩም።

ከአክብሮት ጋር፣
ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ