ቆቡና ጥቁር መነጽሩ

ሚሚዬ የኔ ቆንጆ፣

እንዴት ነሽ? ሙቀቱስ እንዴት ይዞሻል? እኛ ደህና ነን። እናትሽ «በርበሬው ደረሳት ወይ፣ ጠይቃት» ብላ ነዝንዛኛለች፣ መጀመሪያ እሱን መልሺልኝ።

ትናንት የላክሽውን ፎቶ አይቼ ብቻዬን ሳቅሁ። ግድግዳው ላይ የተሳለው ሰውዬ፣ ነጭ ለስላሳ ቆብና ጥቁር መነጽር ያደረገው። «አባዬ ይሄ ማነው? የማፊያ አለቃ ይመስላል፣ ደግሞ የአበባ ጉንጉን ያደርጉለታል» አልሽኝ። ከሥሩ «እነዚህ ሰዎች ግን አክተር ያመልካሉ እኮ» ብለሽ የሚስቁ ፊቶች ደርድረሻል። በስልክ ላስረዳሽ ብዬ ነበር፣ ግን ኔትወርኩ ሁለት ቃል አያስጨርስም። ስለዚህ ጻፍኩት። ረዝሟል፣ ሻይ ይዘሽ አንብቢው።

ሰውዬው የደቡብ ሕንዱ ተዋናይና ፖለቲከኛ ኤም.ጂ. ራማቻንድራን ነው፣ ግን ሙሉ ስሙን የሚጠራው የለም። ኤም.ጂ.አር. ነው የሚሉት። የተወለደው በ1917 ስሪላንካ፣ ካንዲ ነው (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፍልሽ፣ እንዳይምታታብሽ)። አባቱ በልጅነቱ ስለሞቱ በችጋር ነው ያደገው። ቲያትር ቡድን ገባ፣ ከዚያ ሲኒማ። ሲኒማው ላይ ምን እየሆነ ይጫወት ነበር መሰለሽ? ጀልባ ቀዛፊ፣ ገበሬ፣ ሪክሾ ጎታች። አይጠጣም፣ አያጨስም፣ እናቱን ያከብራል፣ መጨረሻ ላይ ያሸንፋል። ይሄ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም፣ አስቦበት ነው እንዲህ ያለውን ሚና የሚመርጠው። ከሲኒማ ውጪም ለማድራስ ሪክሾ ጎታቾች የዝናብ ልብስ ያድል ነበር። ማድራስ ያልኩሽ ያንቺን ቼናይ ነው፣ እኛ በዚያ ስሟ ነው የምናውቃት።

በ1967 ጥር ላይ አብሮት የሚሠራ ተዋናይ በሽጉጥ መታው። ጥይቱ አንገቱ ውስጥ ገባ። ምርጫ ደርሷል፣ እሱ ሆስፒታል ተኝቷል። አባል የነበረበት ፓርቲ ታዲያ ምን አደረገ? አንገቱ በፋሻ እንደተጠቀለለ ፎቶ አንስቶ በየግድግዳው ለጠፈው። በቃ፣ ፋሻ ብቻ። ተኝቶ ተመረጠ፣ ፓርቲውም መንግሥት ሆነ። ድምፁ ከዚያ ወዲህ ተበላሽቶ ቀረ፣ ሌላ ፖለቲከኛ ቢሆን እዚያው ያከትምለት ነበር፣ እሱን ግን ሰዉ ባሰበት ወደደው። በ1972 የራሱን ፓርቲ አቋቋመ፣ በ1977 ያለሽበት ክፍለ ግዛት፣ የታሚል ናዱ ዋና ሚኒስትር (የክፍለ ግዛቱ መንግሥት መሪ ማለት ነው) ሆነ፣ እስኪሞትም በክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ምርጫ ማንም አላሸነፈውም። በ1984ማ ኒውዮርክ፣ ብሩክሊን ሆስፒታል ተኝቶ ነው ያሸነፈው።

አሁን እኔ ወዳየሁት ልምጣ። ታኅሣሥ 24፣ 1987 ሞተ ሲባል እዚያው ከተማ ነበርኩ፣ ባንቺ ዕድሜ፣ የስኮላርሺፕ ተማሪ። ሱቆች ተዘጉ፣ አንዳንዱም ተዘረፈ። ከቤት አትውጡ ተባልን፣ ያው ወጣሁ። እኛ ሰፈር ጥግ ላይ ሁሌ የሚቆም ሪክሾ ነጂ ነበር፣ በዋጋ የማይቀመስ፣ ሃምሳ ሳንቲም ለመቀነስ ግማሽ ሰዓት የሚያጨቃጭቅ። ያን ቀን አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ራሱን ሙልጭ አድርጎ ተላጭቷል፣ እዚያ አገር ወንድ ልጅ አባቱ ሲሞት እንደሚላጨው። አናቱ ላይ ምላጩ የቆረጠው ቦታ ደም አለው። እኔ ቂል፣ ላጽናናው ብዬ በዚያች በተሰባበረች ታሚልኛዬ «ታውቀው ነበር?» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና ልጆቹ ትምህርት ቤት ምሳ እንደሚበሉ ነገረኝ። ሌላ ምንም አልጨመረም።

የምሳው ነገር እንዲህ ነው። በ1982 ኤም.ጂ.አር. የትምህርት ቤት ምሳን በመላው ክፍለ ግዛት በሰፊው ዘረጋ። ከሱ በፊት ካማራጅ የሚባለው መሪ የጀመረው ነገር ነው፣ ልክ ነው፣ ግን ሰዉ የሚያስታውሰው ይሄኛውን ነው፣ ምክንያቱም ይሄኛው ራሱ ተርቦ ማደጉን ሁሉም ያውቃል። ሲኒማው ላይ ያዩት ሰውና ሳህኑ ላይ ያለው ሩዝ ገጠመላቸው። ሚሚዬ፣ አንቺ «አክተር ያመልካሉ» ስትይ ሳህኑን አላየሽም።

እኔም ያኔ አላየሁትም ነበር፣ አልዋሽሽም። ከአብዮት አደባባይ የሄድኩ ልጅ ነኝ እኮ፣ ትልልቅ ፎቶ ብርቅ አልነበረብኝም። የማርክስና የሌኒን ጢም ሥር ስንሰለፍ ነው ያደግነው። ግን እኛ የምንወጣው ቀበሌ ስም እየጠራ ስለሚቆጣጠር ነበር። ማድራስ ላይ ያን ሁሉ ሕዝብ ያስወጣው ቀበሌ የለም። ራሱ ነው የመጣው። ይሄ ነገር ገረመኝ፣ ቀናሁም፣ ትንሽ ደግሞ ፈራሁ።

የፈራሁት ለምን መሰለሽ? እንዲህ የሚወደድ ሰው ሒሳብ አይጠየቅም። በየመንገዱ የምታያቸው የመንግሥት መጠጥ መሸጫዎች፣ ታስማክ የሚሏቸው፣ ድርጅቱ የተቋቋመው በ1983 ነው፣ በማን ዘመን? በዚያ ሲኒማ ላይ ጠብታ በማይቀምሰው ሰውዬ ዘመን። ሪክሾ ነጂው ማታ የሚጠጣበት ገንዘብ ለመንግሥት ግብር ሆኖ ይገባል። ይሄን ግን ማንም ግድግዳ ላይ አልሳለውም።

ከሱ በኋላ የመጣችውን አብራው ትተውን የነበረችውን ጃያላሊታን ታውቂያታለሽ፣ «አማ» የሚሏት፣ እናት ማለት ነው፣ ከኛው «እማ» ብዙም አይርቅም። እሬሳው አጠገብ ሁለት ቀን ቆማ አየናት፣ የቀብሩ መኪና ላይ ስትወጣ ገፍትረው አወረዷት። በ1991 ዋና ሚኒስትር ሆነች። በ2013 በ1 ሩፒ ኢድሊ የሚሸጥ ምግብ ቤት በየሰፈሩ ከፈተች፣ እንደ እንጀራችን ቦክቶ በእንፋሎት የሚበስለውን ማለቴ ነው፣ በልተሽው ታውቂያለሽ። ከዚያ የአማ ውኃ፣ የአማ ጨው፣ የአማ ሲሚንቶ፣ በሁሉም ላይ ፎቶዋ። ሚኒስትሮቿ ሄሊኮፕተሯ ሲያልፍ ሳይቀር ወደ ሰማይ እጅ ይነሱ ነበር። በ2014 በሙስና ተፈርዶባት ስትታሰር የተተካው ሰውዬ ቃለ መሐላውን የፈጸመው እያለቀሰ ነው።

ሰሜኖቹ ደግሞ ልብስ ላይ ናቸው። የምዕራብ ቤንጋሏ ፖለቲከኛ ማማታ ባነርጂ ከነጭ ጥጥ ሳሪዋና ከነጠላ ጫማዋ አትለይም። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሞዲ «ሻይ ሻጭ ነበርኩ» እያለ ነው በ2014 ያሸነፈው፣ ያውም ተቃዋሚዎቹ በሻይ ሻጭነቱ ሊቀልዱበት ሞክረው አገዙት። እሱም አንዴ ተሳስቷል። ኦባማ በ2015 ሲመጣ ባለ መስመር ሱፍ ለበሰ። ከሩቅ ስታይው መስመር ነው፣ ጠጋ ስትይ መስመሩ ፊደል ነው፣ የራሱ ሙሉ ስም ተደጋግሞ የተሸመነ! የተቃዋሚው የኮንግረስ ፓርቲ ሰው ራሁል ጋንዲ «የሱፍና የጫማ መንግሥት» እያለ ቀለደበት፣ ሱፉም በጨረታ 43.1 ሚሊዮን ሩፒ ወጣ። በነገራችን ላይ ራሁልም ልብስ አያጣም፣ በ2022 ከደቡቡ ጫፍ ተነስቶ በእግሩ ካሽሚር ድረስ ሲሄድ በዴልሂ ብርድ በነጭ ቲሸርት ብቻ ነበር፣ ጋዜጣውም ለሳምንታት የሚያወራው ይበርደዋል አይበርደውም ብሎ ነው።

ግን ይሄን ሁሉ ቂልነት ነው እንዳትይ። ነጻ ከወጡ በኋላ የመጀመሪያውን ምርጫ ሲያካሂዱ ማንበብ የሚችለው ከመቶ 18 ያህሉ ነበር። ስለዚህ ለየፓርቲው ሥዕል ሰጡ። ከዚያ ወዲህ መዳፍ አለ፣ ዝሆን፣ ብስክሌት፣ የኤም.ጂ.አር. ሁለት ቅጠል። ሰዉ ሥዕል ማንበብ ለምዷል፣ ከኛ ይልቅ በደንብ ያነባል። በ2012 ኡታር ፕራዴሽ በሚባለው የሰሜን ክፍለ ግዛት ላይ፣ ያኔ ዋና ሚኒስትሩ የነበረችው ማያዋቲ ያሠራቻቸውን የዝሆን ሐውልቶች የምርጫ ኮሚሽኑ አሸፍኗቸዋል፣ ምልክቷ ዝሆን ስለሆነ ቅስቀሳ ይሆናል ብሎ። ፕላስቲክ የለበሰ የዝሆን መዓት አስቢው እስቲ። ዝሆን ደግሞ ተሸፍኖ መች ይደበቃል!

አሁን አንድ ነገር ላስቸግርሽ። እሑድ ማሪና ባሕር ዳርቻ ሂጂ። ኤም.ጂ.አር. የተቀበረው እዚያ ነው፣ ጃያላሊታም አጠገቡ ናት። ሰዉ እምነበረዱ ላይ ጆሮውን ይለጥፋል፣ የእጅ ሰዓቱ እስካሁን ሲመታ ይሰማል እያለ። እኔ ሳልሄድበት ነው የወጣሁት፣ እስካሁን ይቆጨኛል። ቪዲዮ አትቅረጪ፣ አትሳቂም። ወረፋሽን ጠብቀሽ ጆሮሽን አስጠጊ። ከጎንሽ ያለችው ሴትዮ «ሰማሽ?» ካለችሽ ምን ብለሽ እንደመለስሽላት ጻፊልኝ።

አባትሽ