የአስትሮኖሚ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ በደብዳቤ የተገኘችው ፕላኔት

ክበባችን ቴሌስኮፕ የለውም። መስከረም ላይ ደግሞ ሰማዩ ገና ከደመና አልጠራም ነበር። ስለዚህ የ19ኛው ክፍለ ዘመን አስትሮኖመሮች የተጻጻፏቸውን ደብዳቤዎች ማንበብ ጀመርን። አንዳንድ አባላት ቅር አላቸው። «ቲቸር፣ ይሄ የታሪክ ክበብ ሥራ አይደል እንዴ?» አሉኝ። (ከዚህ በታች ያሉት ቀናትና ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

የጀመርነው በኦልበርስና በቤሰል ነው። ኦልበርስ ጀርመን ውስጥ ብሬመን በምትባል ከተማ ቀን ቀን ሕመምተኛ ያክማል፤ ሌሊት ኮሜት (ጅራታም ኮከብ) ይፈልጋል። በ1804 የንግድ ቤት ተለማማጅ የነበረው የ20 ዓመቱ ቤሰል የሃሌይን ኮሜት ምህዋር አስልቶ አሳየው። ኦልበርስ ሥራውን አሳተመለት። ሁለቱ፣ ኦልበርስ በ1840 እስኪሞት ድረስ፣ ተጻጽፈዋል። ቤሰል በ1838 የአንድን ኮከብ ርቀት ለክቶ ዝነኛ ሆነ። ሽማግሌው ሐኪም ደግሞ ለአስትሮኖሚ የዋልኩት ትልቁ ውለታ ቤሰልን ማግኘቴ ነው ይል ነበር።

ክበቡን ያሟሟቀው ግን የኔፕቲዩን ጉዳይ ነው። በበርሊን የምልከታ ጣቢያ ረዳት የነበረው ጋለ በ1845 የዶክትሬት ጽሑፉን ፓሪስ ላለው አስትሮኖመር ለለቨሪዬ ላከ። መልስ የለም። ዓመት አለፈ። ለቨሪዬ ግን የዩራነስ ጉዞ ከስሌቱ ለምን እንደሚዛባ ሲመረምር አንድ ያልታወቀ ፕላኔት እየሳበው ነው ብሎ ደመደመ፤ ቦታውንም አሰላ። የአገሩ ሰዎች ቴሌስኮፓቸውን ለማዞር ብዙም አልቸኮሉም። ያኔ ጋለ ትዝ አለው! መስከረም 18 ቀን 1846 ጻፈለት፤ ለጽሑፉ ምስጋናውን አስቀድሞ ፕላኔቱን ፈልግልኝ አለው። ሴት ተማሪዎቻችን «ሲፈልግ ብቻ የሚደውል ዘመድ» አሉት። አልተሳሳቱም።

እኔ በጋለ ቦታ ብሆን ትንሽ እኮራ ነበር። እሱ ግን ደብዳቤው በደረሰበት በመስከረም 23 ሌሊት ፍለጋውን ጀመረ። አለቃው ኤንከ ልደቱን ያከብር ስለነበር ቴሌስኮፑን ፈቀደላቸው። አዲስ ከታተመ የኮከብ ካርታ ጋር እናመሳክር ያለው ዳሬስት የተባለ ተማሪ ነው። ጋለ የሚያየውን ኮከብ ይጠራል፣ ዳሬስት ካርታው ላይ ይፈልጋል። በመጨረሻ ዳሬስት «ይሄ ኮከብ ካርታው ላይ የለም!» ብሎ ጮኸ። ኔፕቲዩን ለቨሪዬ ከጠቆመው ቦታ አንድ ዲግሪ እንኳ አልራቀችም ነበር። ጋለ መስከረም 25 ቀን ቦታውን የጠቆሙት ፕላኔት በእርግጥ አለ ብሎ መለሰለት።

ይህን ወደ አጭር ድራማ ቀይረን በወላጆች ቀን አቀረብን። ሚኒ ሚዲያ ማይክራፎን አውሶናል፤ እናመሰግናለን። የለቨሪዬን ቦታ የሚወስድ ስናጣ ለዳሬስት ግን ወረፋ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የሚጮኸው እሱ ነው።

በሁለተኛው ሴሚስተር የአስትሮኖመሯን የካሮሊን ኸርሼልን ደብዳቤዎች ጀመርን፤ ፈተና ስለደረሰ አልጨረስንም። ካሮሊን በ83 ዓመቷ ከሃኖቨር ሆና፣ የወንድሟ ልጅ ጆን ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲሄድ ጊንጥ የተባለውን የኮከቦች ስብስብ ደህና አድርጎ እንዲያይላት አዛዋለች። እሱም እዚያው ደቡብ አፍሪካ ካለው ኬፕ ሆኖ መፈለጉን ጽፎላታል። ቀሪውን በመጪው ዓመት እንቀጥላለን። የ12ኛ ክፍል አባላት ስለሚሰናበቱን አዲስ ሰብሳቢና ጸሐፊ እንፈልጋለን። ቴሌስኮፕ የሚያውሰን ካለም በራችን ክፍት ነው።