ስለ እድራችን

ወንድምዬ፣ እንዴት ነህ? እንዲህ እንጠፋፋ? ቤተሰብ ሁሉ ደህና ነው ብዬ ልመን። የምጽፍልህ ስለ እድራችን ነው፤ በስልክ አያልቅም።

ፒያሳ ሰፈራችን በ2016 ፈርሶ ጎረቤቱ እንደተበተነ ሰምተሃል። አንዱ ኮንዶሚኒየም ገባ፣ ሌላው ከተማ ዳር ተከራየ። እድሩ ግን አለ። ባለፈው ወር ከእናቶቻችን አንዷ ሲያርፉ፣ ያው ድንኳን፣ ጆሮው ሥር በቀይ ቀለም የእድሩ ስም የተጻፈበት ያው ድስት፣ አይሱዙ ላይ ተጭኖ እስከ ኮንዶሚኒየሙ ግቢ ድረስ ሄደ። ሁለት ታክሲ ይዘው የመጡ ሴቶች ሽንኩርት ሲከትፉ አመሹ።

ከሰልስቱ በኋላ በነበረው ስብሰባ አንድ ወጣት ተነሳና «ገንዘቡን እንካፈልና ሁላችንም በገባንበት ሰፈር እድር እንግባ» አለ። በሒሳብ ካየኸው ልክ ነው። ግን ቤቱ ተናወጠ! ባህል ናቂ ተባለ፣ የአባቶቹን አደራ የበላ ተባለ። ስለ ሞት ማንም ትንፍሽ አላለም።

እኔን ግን አንድ ጥናት ትዝ አለኝ። በ1989 እ.ኤ.አ. የታተመ ነው። አሜሪካ፣ አሪዞና ውስጥ 22 የፍርድ ቤት ዳኞች በሴተኛ አዳሪነት ለተከሰሰች ሴት የዋስትና ገንዘብ እንዲወስኑ ተጠየቁ። ገሚሶቹ አስቀድመው ስለ ራሳቸው ሞት ጥቂት ጽፈው ነበር። ያልጻፉት በአማካይ 50 ዶላር ሲሉ፣ የጻፉት 455 አሉ። ሞት ሲነካን፣ ከኛ በኋላም ይኖራል የምንለውን ሃይማኖቱንም ወጉንም ሥርዓቱንም አጥብቀን እንይዛለን፣ የነካብንን ደግሞ እንቀጣለን ነው ነገሩ። ይህ ነገር የሚበረታውም፣ ሰው ሞትን እያሰበ ሳለ ሳይሆን ሐሳቡ ወደ ሌላ ሄዶ የረሳው ሲመስለው ነው ይላሉ አጥኚዎቹ። ከዚህ ወገን ሙከራዎች አንዱን ብዙ ላቦራቶሪዎች ተባብረው ሲደግሙት ውጤቱ አልታየም፣ ስለዚህ አልምልልህም። ስብሰባውን ግን በዓይኔ አይቻለሁ።

እነዚያን ሴቶች ከዳር እስከ ዳር ያመጣቸውና ልጁን ያሰደበው አንድ ፍርሃት ይመስለኛል። ማን ይቀብረኛል፣ ማን ያለቅስልኛል። ልጁ ከዚያ ወዲህ አልመጣም፤ አንጀቴን በላኝ። እድሩ እንዲቀጥል እፈልጋለሁ፣ እሱን አዋርደን ግን አይሆንም።

ጉዳዩ ለሚመጣው ወር ተቀጥሯል። ስምህ መዝገቡ ላይ አለ፣ ወርሃዊህንም እየከፈልኩልህ ነው። ይቀጥል ነው ይበተን የምትለው? ቶሎ ጻፍልኝ። ልጁንም ደውልለት፣ አንተን ይሰማሃል።